የምንጥለው ፈርስ፣ የምንገዛው ቫይታሚን

 

በቅርቡ አንዲት እህት 2 ዓመት የሚሆነውን ልጇን አዝላ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣችና “ደም የሚያበዛና የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ ስጪኝ” አለችኝ። ሐኪም አይቶት እንደሆነ ጠየቅኋት፤ አላየውም። ምን እንደሚበላ ጠየቅኋት፤ ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ቀን እንጀራ በሽሮ፣ ማታ መኮሮኒ። “ጎመንስ? ቆስጣስ? ካሮትስ?” ስላት “ከየት አምጥቼ እህቴ? ደህናው ውድ ነው፤ ርካሹ ደግሞ በቦርከና ውሃ የበቀለ ነው ይሉኛልና እፈራዋለሁ” አለችኝ። ልጁ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዶ የደሙ መጠን እንዲመረመር ነግሬያት ስታበቃ “ግቢ አላችሁ?” ብዬ ጠየቅኋት። “አለን፤ ከጓሮ በኩል ቆሻሻ የምንደፋበት ባዶ ቦታ አለ” ብላ መለሰችልኝ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ይህ መልስ ነው። ቆሻሻ የምንደፋበት ጥግ አለን፤ ቫይታሚን ግን በጠርሙስ እንገዛለን። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ያለውን አይደል? በእኔ እምነት በኮምቦልቻም ሆነ በደሴ ትንሽም ብትሆን ጓሮ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ከቤቱ የሚወጣውን ጥራጊ ወደ ኮምፖስት ለውጦ የራሱን ጎመን ማብቀል ይችላል፤ ይገባዋልም። ምክንያቶቼን ላስረዳ።

ከጠርሙስ ወይስ ከጓሮ?

በመጀመሪያ ከራሴ ሙያ ልጀምር። ሽሮፕና እንክብል ቦታ አላቸው። ነፍሰ ጡር እናት ከጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የአይረንና የፎሊክ አሲድ እንክብል “ጎመን እበላለሁና አያስፈልገኝም” ብላ መተው የለባትም። የጽንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ውስጥ፣ ብዙዎቻችን እርግዝናውን ከማወቃችን በፊት በመሆኑ ፎሊክ አሲዱ ቀደም ብሎ ሊጀመር ይገባዋል። ደሙ ያነሰ ሕፃንም መድኃኒቱን በታዘዘለት መጠን መውሰድ አለበት።

ነገር ግን እንክብሉ ያለቀ ዕለት ምን ይተካዋል? ሰውነታችንን በየቀኑ የሚያቆመው ገበታችን ነው። ጎመንና ቆስጣ ለቫይታሚን ኤ፣ ለፎሌትና ለቫይታሚን ሲ፣ ካሮት ለቫይታሚን ኤ፣ ቃሪያና ቲማቲም ለቫይታሚን ሲ ጥሩ ምንጮች ናቸው። በጎመን ውስጥ ያለው አይረን እንደ ሥጋው አይረን በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፤ ሎሚ፣ ቃሪያ ወይም ቲማቲም አብሮት ሲበላ ግን የተሻለ ይሆናል። ሻይና ቡና ከምግቡ ጋር ሲጠጡ ደግሞ ይከለክሉታል። ስለዚህ ለዚያች እህት “ሻዩን ከልጁ ቁርስ ላይ አንሺው” ማለት ከሽሮፑ ያልተናነሰ ምክር ነው። ቫይታሚን ኤ ከቅባት ጋር ስለሚሰራጭ ጎመኑ ጥቂት ዘይት ቢነካው መልካም ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ሰዎች ጎመንና ቆስጣን በድንገት ማብዛትም ሆነ ማቆም የለባችሁም፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አንድ ዓይነት ይሁን። ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎችም ስለ አትክልት መጠን ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

አንዳንድ ሰዎች “በኮምፖስት የበቀለ ጎመን በኬሚካል ማዳበሪያ ከበቀለው ይልቅ እጅግ ብዙ ቫይታሚን አለው” ሲሉ እሰማለሁ። እኔ እንዲህ ብዬ አልናገርም። በቫይታሚን በኩል ያለው ልዩነት ብዙ አይደለም። ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፤ ጎመኑ ከደጃችን ስላለ እንበላዋለን፣ ምን ውሃ እንደጠጣና ምን ፀረ ተባይ እንደተረጨበት እናውቃለን፣ ገንዘባችንም ይተርፋል።

ያቺ እህት የፈራችው ነገርም ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ከተማችን የፋብሪካ ከተማ ናት። ወደ ቦርከና የሚገቡ ጅረቶቻችን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከፋብሪካዎች ከሚለቀቀው ፍሳሽ ጋር እንደ ክሮሚየም ያሉ ብረት ነክ ነገሮች ወደ ወንዙ እንደሚገቡ አሳይተዋል። ይህ ማለት ገበያ ያለው አትክልት ሁሉ መርዝ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብሎ ማስፈራራት ገበሬውንም ተመጋቢውንም መበደል ነው። ነገር ግን ጀርም በማጠብና በማብሰል ይጠፋል፤ ብረት ነክ ነገር ግን በማብሰል አይጠፋም። ስለዚህ የምናጠጣውን ውሃ መምረጥ የጤና ጉዳይ ነው። የእቃና የልብስ ማለቅለቂያው ውሃ ሳሙናው ጥቂት ከሆነ ለጓሮ ሊያገለግል ይችላል፤ ለሰላጣ ግን ንጹሕ ውሃ ይመረጣል።

ኮምፖስት ምንድን ነው?

ኮምፖስት ማለት ጭድ፣ ቅጠል፣ ልጣጭ፣ እበትና የመሳሰለው ነገር በዓይን በማይታዩ ረቂቅ ነፍሳት ተበልቶ ወደ ጥቁር፣ ፍርክርክ ያለ አፈር ሲለወጥ የምናገኘው የተፈጥሮ ማዳበሪያ ነው። በቆሻሻ መጣያ ላይ የሚገማው ነገርና ኮምፖስት አንድ አይደሉም። መጣያው አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ይሸታል። ኮምፖስት ግን አየር፣ እርጥበትና የተመጣጠነ ምግብ አግኝቶ ይበስላል፤ ስለዚህ ይሞቃል፣ አይሸትም። ረቂቅ ነፍሳቱ ከደረቁ ነገር (ከጭድና ከቅጠል) ካርቦን፣ ከእርጥቡ ነገር (ከእበት፣ ከልጣጭ፣ ከለምለም ሣር) ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኙ በደንብ ይሠራሉ። ይህ ለቤት እመቤት ሲተረጎም በስፍር ለአንድ ባልዲ እርጥብ ነገር ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ነገር ማለት ነው።

ይህ አዲስ የፈረንጅ ፈጠራ አይደለም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በአንዳሉስ፣ በኢሽቢሊያ ከተማ የኖረው ኢብኑል ዐዋም ኪታቡል ፊላሓ በተባለው ትልቅ የእርሻ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ፍግ ዓይነቶችና አዘገጃጀት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ጽፏል። በአገራችንም እናቶቻችን ጎመን የሚተክሉት እበትና አመድ በሚደፋበት በቤት ዙሪያ ያለ መሬት ላይ ነበር፤ ያ መሬት ለምን ለም እንደሆነ ያውቁታል።

በዘመናችንም የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት የተባለው አገር በቀል ድርጅት ከትግራይ ግብርና ቢሮ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1996 በአራት የገጠር ቀበሌዎች የኮምፖስት ሥራ ጀምሮ ነበር። ሥራውን ከመሩት መካከል ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ይገኙበታል። ከገበሬው ማሳ ላይ ለዓመታት በተወሰደው ልኬት ኮምፖስት የተጨመረበት ማሳ ምንም ካልተጨመረበት ማሳ እጥፍ ያህል ምርት የሰጠበት ብዙ ነበር፤ ከኬሚካል ማዳበሪያውም ጋር የተስተካከለ ወይም የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ዶ/ር ተወልደብርሃን እ.ኤ.አ. በ2000 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ሁለቱም ባለትዳሮች ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ያስተማሩት ግን አለ።

“ታዲያ ኮምፖስት አገሪቱን ሁሉ ይመግባል ወይ?” ለሚሉኝ፣ የሰፊ ማሳን ጉዳይ ለግብርና ባለሙያዎች እተዋለሁ። ሄክታር መሬት የሚያርስ ገበሬ የሚያስፈልገው ኮምፖስት ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ እበቱም ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ማገዶ ያጣችን እናት “ኩበት አታንጂ” ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው፤ ሌላ ማገዶ መስጠት ግን ከባድ ነው። እኔ የምናገረው ስለ ከተማ ጓሮ ነው። ለአሥር ካሬ ሜትር መደብ የሚበቃው ኮምፖስት ከአንድ ቤት ጥራጊ ይገኛል።

እኔ የተሳሳትኩባቸው ሁለት ነገሮች

መጀመሪያ ስጀምር የወጥ ቤቱን ልጣጭ ብቻ ጉድጓድ ውስጥ እያጠራቀምኩ ከደንኩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሽታው ጎረቤት ደረሰ። ከጎናችን ያሉት እትዬ በአጥሩ በላይ ብቅ ብለው “አንቺ ልጄ፣ መድኃኒት ትሸጫለሽ ወይስ በሽታ ታመርቻለሽ?” አሉኝ። አፈርኩ። ስህተቴ ደረቅ ነገር አለማስገባቴ ነበር። እትዬ ራሳቸው አንድ ጆንያ የጤፍ ጭድ አቀበሉኝና ከልጣጩ ጋር ብገለባብጠው በጥቂት ቀን ሽታው ጠፋ።

ሁለተኛው ስህተቴ ትኩስ የዶሮ ኩስ ሳይበስል ጎመን ሥር ማድረጌ ነው። ቅጠሎቹ ጫፋቸው ተቃጥሎ ቢጫ ሆነ። የዶሮ ኩስ ኃይለኛ ነው፤ መብሰል አለበት።

እንዴት ይዘጋጃል?

1ኛ. ቦታ፡- ጥላ ያለው፣ ውሃ የማይተኛበት፣ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድና ከወጥ ቤት በር ራቅ ያለ ቦታ ይመረጥ። በበጋ እርጥበት እንዳይጠፋ ጉድጓድ ይሻላል። በክረምት ጉድጓዱ ውሃ ስለሚሞላ ከመሬት በላይ መከመር ይሻላል።

2ኛ. መጠን፡- ቁልሉ ቢያንስ 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ከፍታውም 1 ሜትር ያህል ይሁን። ከዚህ ካነሰ በደንብ አይሞቅም።

3ኛ. አደራረብ፡- ከታች አየር እንዲገባ የተቆራረጠ ጭራሮ ወይም የማሽላ አገዳ ይነጠፍ። በላዩ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ነገር (ጭድ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ካርቶን)፣ ቀጥሎ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል እርጥብ ነገር (የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ ፍሬ ያልያዘ አረም፣ የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል)፣ ቀጥሎ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እበት ወይም የበግና የፍየል በጠጥ፣ ከዚያ ስስ አፈር። ውሃ ረጨት ይደረግ። ይህ እስከ ላይ ይደጋገም። አመድ ጥቂት ብቻ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልም አይብዛ፤ ቶሎ አይበሰብስም።

4ኛ. እርጥበት፡- ከውስጡ አንድ እፍኝ ወስዳችሁ ጨምቁት። ውሃ ከተንጠባጠበ በዝቷል፤ ጭድ ይጨመር። እጅን ካላረጠበና ከተበተነ ደርቋል፤ ውሃ ይጨመር። እንደተጨመቀ እስፖንጅ እርጥብ ብቻ ከሆነ ልክ ነው።

5ኛ. ሙቀት፡- ረጅም እንጨት መሐሉ ላይ ሰክታችሁ ከአሥር ደቂቃ በኋላ አውጡት። እንጨቱ ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ነፍሳቱ ሥራ ላይ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል። ይህ ሙቀት ለጤና ባለሙያ ትልቅ ነገር ነው፤ በእበት ውስጥ የሚኖሩ በሽታ አምጪ ጀርሞችንና የወስፋት እንቁላልን የሚገድለው እሱ ነው።

6ኛ. መገልበጥ፡- በሁለት ሳምንት አንዴ ይገልበጥ፤ የውጪው ወደ ውስጥ፣ የውስጡ ወደ ውጪ ይግባ። ዳሩ ላይ የቀረው ካልሞቀ ጀርሙ አይሞትምና ይህ አይዘለል። ከላይ በጭድ ወይም በኮባ ቅጠል ይሸፈን፤ በክረምት ደግሞ ዝናቡ ጥሩውን ነገር አጥቦ እንዳይወስደው ፕላስቲክ ይደረግበት።

በኮምቦልቻ ሙቀት ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል። ደሴ ከእኛ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ብርዳማ ከተማ በመሆኗ እዚያ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ወር ወይም ሁለት ወር ጨምራችሁ ታገሡ።

የአረፋ ፈርስ

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። በእነዚህ ዓመታት ዒደል አድሐ የክረምቱን መግቢያ ተጠግቶ ይውላል። በዕለቱ በየሰፈሩ በግ፣ ፍየልና በሬ ይታረዳል። ሥጋው ይከፋፈላል፤ ቆዳው ይሸጣል ወይም ይጣላል። ፈርሱስ? ፈርሱ ብዙ ጊዜ ቦይ ውስጥ ወይም መንገድ ዳር ይደፋል። በማግሥቱ ዝንቡና ውሻው ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ታጥቦ ወንዝ ይገባል።

ፈርስ ግን ምንድን ነው? እንስሳው የበላው ሣርና ጭድ ግማሽ ተፈጭቶ፣ ረቂቅ ነፍሳት በብዛት ተጨምረውበት፣ ረጥቦ የተዘጋጀ ነገር ነው። ለኮምፖስት ከዚህ የተሻለ ማስጀመሪያ የት ይገኛል? የአንድ በግ ፈርስ ጥቂት ኪሎ ነው፤ የአንድ በሬ ግን ጆንያ ይሞላል። አሠራሩም ቀላል ነው። ከአረፋ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጭድና የደረቀ ቅጠል አጠራቅሙ። በዕለቱ ፈርሱን መሐል አድርጉና ከሥርም ከላይም ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ጭድ አልብሱት፤ በላዩም አፈር ጨምሩበት። በደንብ ከተሸፈነ ዝንብም ውሻም አይደርስበትም። በአረፋ የተከመረው ክረምቱን በስሎ በመስከረምና በጥቅምት ይደርሳል፤ ያኔ የበጋው ጎመን፣ ሰላጣና ካሮት ይተከልበታል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ። ጉበትና ሳንባ ላይ አንዳንድ ጊዜ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል። ይህ ሀይዳቲድ የተባለው ትል ነው። ያንን አካል ቆርጠን ለውሻ ስንጥል ትሉ በውሻው አንጀት ያድጋል፤ እንቁላሉም በውሻው ዓይነ ምድር አማካይነት ወደ ልጆቻችን እጅና አፍ ይመለሳል፤ በሰው ጉበትና ሳንባም ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው አካል ለውሻ አይሰጥ፣ ኮምፖስት ውስጥም አይግባ፤ ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር።

ምን አይጨመርበትም?

ሥጋ፣ አጥንት፣ ስብ፣ ወተትና ዘይት አይጨመርም፤ አይጥና ውሻ ይጠራል። የሰው ዓይነ ምድርና የሕፃናት ዳይፐር በቤት ኮምፖስት ፈጽሞ አይገባም። የውሻና የድመት ዓይነ ምድርም እንዲሁ፤ የድመቱ በተለይ ለነፍሰ ጡር ያሠጋል። ባትሪ፣ ፕላስቲክ፣ ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ከቆዳ ሥራ የተረፈ ቁርጥራጭ፣ ከወንዝ የተቀዳ ደለል አይጨመር። እንደ ፋርማሲ ሠራተኛ ደግሞ ይህን እለምናችኋለሁ፤ የተረፈ ወይም ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ኮምፖስት ውስጥ አትጣሉ። ኮምፖስቱን የሚሠሩት ነፍሳት አንቲባዮቲክ አይስማማቸውም፤ እናንተንም ቆይቶ ይጎዳል።

ስለ ገራባ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የጫት ገራባ በየቤቱ ይበዛልና “ቆራርጠን ብንጨምረውስ?” ይላሉ። ቅጠሉና ቀንበጡ ይበሰብሳል። ችግሩ ጫት ላይ ፀረ ተባይ ስለሚረጭ ምን እንደተረጨበት ያልታወቀውን ወደ ጎመናችን ማምጣት ነው። ስለዚህ እኔ አልጨምርም።

ስትሠሩ ጓንት አድርጉ። ቴታነስ በአፈርና በእበት ውስጥ ስለሚኖር እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ተጠንቀቁ፤ ክትባቱን ያልጨረሳችሁ ጨርሱ። የደረቀ ኮምፖስት ስትገለብጡ አፍና አፍንጫችሁን በሻሽ ሸፍኑ፤ አስም ያለበት ሰው ሌላ ያሠራ። ሲያበቃ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

መድረሱን በምን እናውቃለን? እንዴትስ እንጠቀምበት?

የደረሰ ኮምፖስት ጥቁር ነው፣ ይፈረካከሳል፣ አይሞቅም፤ ሽታው የመጀመሪያ ዝናብ የነካው አፈር ዓይነት ነው። እርግጠኛ ለመሆን ፌጦ ሞክሩ። በአንድ ጣሳ ኮምፖስቱን ሞልታችሁ ፌጦ ዝሩበት፤ ውሃ አጠጡ። ፌጦው በጥቂት ቀን ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ እኩል ከበቀለ ደርሷል። ካልበቀለ ወይም ቢጫ ሆኖ ከቀጨጨ ገና ነው፤ ይቆይ።

ለመደብ በ1 ካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ በትናችሁ ከላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ጋር ቀላቅሉት። ለችግኝ ጉድጓድ አንድ ወይም ሁለት እፍኝ ይበቃል። ጓሮ የሌላችሁ፣ በኪራይ ቤት ያላችሁ፣ በጆንያ ወይም በአሮጌ ጀሪካን አንድ እጅ ኮምፖስትና ሁለት እጅ አፈር ቀላቅላችሁ በረንዳ ላይ ቆስጣና ቃሪያ ማብቀል ትችላላችሁ። ኮምፖስት ፀሐይ ላይ ተበትኖ አይዋል፤ ጥሩው ነገር ይተናልና።

እንደ ሰላጣና ካሮት ያለ ጥሬውን የሚበላ ነገር ላይ ያልበሰለ እበት ፈጽሞ አይደረግ። ያልበሰለ ፍግ የገባበት መደብ ቢያንስ 4 ወር ሳይቆይ ጥሬ የሚበላ አትክልት አይነቀልበት። ከራሳችን ጓሮ ቢሆንም ሰላጣው በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይታጠብ። አሜባና ጃርዲያ “የራሴ ጓሮ ነው” ብለው አይምሩም።

“ነጃሳ አይደለም ወይ?”

ይህን የጠየቁኝ እትዬ ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የመድረሳ ትምህርት የቀመስኩ እንጂ ፈትዋ የምሰጥ አይደለሁም። የእንስሳ ፍግ ንጹሕ ነው አይደለም በሚለው ላይ መዝሀቦች የተለያየ አቋም አላቸው፤ የቀደሙት ዑለማዎች ግን ገበሬው በፍግ ማረሱን አውቀው ተናግረውበታል፤ ሙስሊሙም በዘመናት ሁሉ በፍግ አርሷል። በአሠራሩ ላይ ጥያቄ ያለው የሚቀርቡትን ዓሊም ይጠይቅ። እኔ ለእትዬ የመለስኩላቸው ይህን ነው፡- በልብስና በሰውነት ላይ ያረፈው ይታጠባል፤ ጎመኑም ይታጠባል። ማባከንን (ኢስራፍን) የከለከለን ዲን የምንጥለውን ወደ ጥቅም እንድንመልስ ያበረታታናል እንጂ አያሳፍረንም። አንድ ሙስሊም ተክሎት ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ የበላለት ነገር ሁሉ ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተላለፈውን ልጅ ሆነን ያልተማርን ማን አለ?

አንድ ትዝታና አንድ ሐሳብ

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ነበር። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ መኪና አይገባም፤ መደብርና መድኃኒት ቤት ባዶ ነበር። በዚያ ወር አንድም ሰው “ቫይታሚን አለሽ?” ብሎ አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝም አልነበረኝም። እትዬ ግን በየጠዋቱ ከጓሯቸው ጎመን እየቀነጠሱ ለሦስት ቤት ያካፍሉ ነበር። አንዱ ቤት የእኛ ነበር። በዚያ መደብ ሥር ያለው አፈር ጥቁር የሆነው የእሳቸውና የእኛ ጥራጊ ስለነበር እስከ ዛሬ ጎመን በቀነጠስኩ ቁጥር አስታውሰዋለሁ። አልሐምዱሊላህ።

ስለዚህ ሐሳቤ ከየቤታችን አልፎ ወደ ጀመዓችን ይሄዳል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ዓ.ም. እንኳ እያንዳንዱ አባወራ መልሶ ሊያገለግል የሚችለውን ቆሻሻ እንዲለይ ያዛል። በየቤታችን ሁለት ዕቃ እናስቀምጥ፤ አንዱ ለሚበሰብሰው፣ አንዱ ለማይበሰብሰው። የማንለየው ቆሻሻ የት እንደሚሄድ እንዳንረሳ፣ በአዲስ አበባ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ የተባለው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል። አንድ ቦታ የምንከምረው ቆሻሻ ድሃው ደጃፍ ላይ ነው የሚናደው።

ሰፊ ግቢ ያላቸው መስጊዶችና መድረሳዎቻችን ደግሞ ቢያንስ አንዲት የኮምፖስት ቁልልና አንዲት የጎመን መደብ ይኑራቸው። ደረሳዎች በእጃቸው ሠርተው ይማሩበት፤ ምርቱንም ይብሉት። በሚመጣው አረፋ በየሰፈሩ ሁለት ወጣቶች ጋሪ ይዘው ፈርስ ይሰብስቡ። የእድር ወይም የጀመዓ ገንዘብ ብዙ አያስፈልገውም፤ ጋሪ፣ አካፋ፣ ጭድና ጓንት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?

ለዚያች እህትስ ምን ሆነላት? ልጁ ተመርምሮ ደሙ ዝቅ ብሎ ስለተገኘ የአይረን ሽሮፕ ታዘዘለት፤ እኔው ሸጥኩላት። አብሬም ከጓሮዬ አንድ ባልዲ የደረሰ ኮምፖስትና አሥር የጎመን ችግኝ ሰጠኋት። ሽሮፑ አልቋል። ጎመኑ ግን፣ ባለፈው ሳምንት መጥታ እንደነገረችኝ፣ “ስቀነጥሰው እንደገና ያወጣል፤ እኔም አፈራሁ መሰለኝ” ብላ ሳቀች። ሽሮፕ ሊሸምት የመጣ ደንበኛ ቢቀንስብኝም ደስታዬ ነው። ኢንሻ አላህ በሚመጣው አረፋ ፈርሷን እንደማትጥል ቃል ገብታልኛለች። እናንተስ?

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።